ይታኘካል እኮ! ስለ ቃርና ስለሚታኘከው ኪኒን

እማማ ኪኒኑን ከእጄ ተቀበሉ። ውሃ ጠየቁ። ስለ አወሳሰዱ ገና አፌን ሳልከፍት ወደ ጉሮሯቸው ወርወር አድርገው በውሃ አወራረዱት።

«እማማ፣ ይታኘካል እኮ!»

«በየት ጥርሴ ልጄ?» ብለው አፋቸውን ከፈት አድርገው አሳዩኝ። እውነታቸውን ነው። የቀሩት ከፊት ያሉ ጥቂቶች ናቸው።

ደሴ ውስጥ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ደንበኞቼ «ዶክተር» ይሉኛል። እኛ ጋ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ማረሙን ከተውኩት ቆይቻለሁ። ይሄ ናና ናና የሚል ነጭ ክብ የቃር ኪኒን ቀኑን ሙሉ ከእጄ አይጠፋም። ርካሽ ነው። ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ከረሜላ ይመስላል። ማንም ስለ አወሳሰዱ የማይጠይቀውም ለዚህ ይመስለኛል። ስለ ሌላ መድኃኒት አስር ጊዜ የሚያስደግመኝ ሰው፣ ይሄን ሲገዛ «አንድ ስትሪፕ» ብሎ ብሩን አስቀምጦ ይሄዳል።

እማማ የመጡት ከኩታበር ነው። በመቀነታቸው ጫፍ የቋጠሩት ሌላ ነገርም ነበር። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

«ጨጓራ አለብኝ»

አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ይሰስታል። ጨጓራ በሬ ላይ ሲሆን ዱለት ይሠራበታል፤ ሰው ላይ ሲሆን የበሽታ ስም ይሆናል። «ጨጓራ አለብኝ» እንላለን። «ጨጓራዬ ተነሳ» እንላለን። ሲብስብን ደግሞ «ይሄ ሰውዬ ጨጓራዬን ላጠው!» እንላለን። ጨጓራማ ሁላችንም አለን። ችግሩ በዚህ አንድ ቃል ውስጥ የማይገናኙ ብዙ ሕመሞች መታጨቃቸው ነው።

እኔ መጀመሪያ የማየው የሰውዬውን እጅ ነው። አንዱ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ከታች ወደ ላይ፣ ወደ ጉሮሮው ያሻሻል። «እዚህ ጋ ያቃጥለኛል፤ ኮምጣጣ ነገር ወደ አፌ ይመጣል» ይላል። ቃር ይሄ ነው። ሌላው በአንድ ጣቱ ከእምብርቱ በላይ፣ ጎድን አጥንቶቹ ከሚገናኙበት ዝቅ ብሎ አንድ ቦታ ይነካል። «ሲርበኝ ይሞረሙረኛል፤ ሌሊት ይቀሰቅሰኛል» ይላል። ይሄኛው ቁስለት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ሆዱን በሁለት እጁ አቅፎ «ተነፋሁ፤ ሁለት ጉርሻ ሳልጎርስ እጠግባለሁ» ይላል።

በእጅ ምልክት ብቻ በሽታ አይለይም። ግን የሚታኘከው ኪኒን ለማን ቶሎ እንደሚደርስ ፍንጭ ይሰጣል። በደንብ የሚያስታግሰው የመጀመሪያውን ነው። ለሁለተኛው ሕመሙን ለጊዜው ይቀንስለታል፤ ቁስሉን ያመጣውን ነገር ግን አይነካም። ለሦስተኛው ብዙም አይፈይድም።

ጀበናና ውታፉ

ጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድ የዋዛ አይደለም። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። የአሲድን ብርታት የምንለካበት ፒኤች የሚባል መለኪያ አለ። ንጹህ ውሃ 7 ላይ ነው። ቁጥሩ በአንድ በወረደ ቁጥር አሲዱ አስር እጥፍ ይበረታል። የሎሚ ጭማቂ 2 አካባቢ ነው። ባዶ ጨጓራም አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 3.5 ባለው ውስጥ ይውላል። ማለትም ሆዳችን ውስጥ ሎሚን የሚስተካከል ነገር ይዘን ነው የምንዞረው። በቀን እስከ 2 ሊትር የሚደርስ የጨጓራ ጭማቂ እናመነጫለን።

ይህ የሚሆነው በምክንያት ነው። አሲዱ ሥጋውንና ሽሮውን ለመፍጨት ይረዳል፤ ከምግብ ጋር የገባውን ብዙ ተህዋስም ይገድላል። ጨጓራ ራሱን እንዳይበላ ውስጡ በዝልግልግ ሽፋን ተለብጧል። ከአፍ ወደ ጨጓራ የሚወርደው የምግብ ቧንቧ ግን እንዲህ ያለ መከላከያ የለውም። 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ለስላሳ ቱቦ ነው። አሲድ ሲነካው ይንገበገባል።

መለያያው ደግሞ ከቧንቧው ጫፍ ያለ ቀለበት መሰል ጡንቻ ነው። እኔ ለደንበኞቼ ጀበናን ነው የማሳያቸው። ጀበና አፉ ላይ ውታፍ አለው። መጠኑን ጠብቃችሁ ከሞላችሁትና ቀጥ አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁት ምንም አይወጣም። እስከ አንገቱ ሞልታችሁ ብታጋድሉት ግን ውታፉ ቢኖርም ቡናው ይንጠባጠባል፤ አተላውም አብሮ ይመጣል። ጠግበን በልተን ወዲያው ጋደም ስንል የምናደርገው ይሄንኑ ነው። ውታፉ ራሱ የሚላላበት ጊዜም አለ። አረቄና ሲጋራ ያላሉታል። ቅባት የበዛበት ምግብም እንዲሁ፤ ጨጓራ ውስጥም ይቆያል። እርግዝና ላይ ሆርሞኑ ያላላዋል፤ ፅንሱም ከሥር ይገፋል። ብዙ ነፍሰ ጡሮችን ቃር የሚያስቸግራቸው ለዚህ ነው፤ ልጁ ጸጉራም ስለሆነ አይደለም።

በርበሬስ? በርበሬ በብዙ ሰው ላይ ያቃጥላል፤ ቁስል ያለበትንም ያንገበግባል። ማቃጠሉ ግን አሲድ ስለሆነ አይደለም። የሙቀትን ስሜት የሚቀበለውን ነርቭ ስለሚነካ ነው። የጨጓራ ቁስለት ዋና አምጪዎች ሌሎች ናቸው። በርበሬን ብቻ ከሰን እነሱን እንዳንረሳ።

የእንቁላል ቅርፊትና ሎሚ

አሁን ወደ ኪኒኑ። ማብራራት ሲያቅተኝ የማሳየው ነገር አለ፤ ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። የእንቁላል ቅርፊት አጥባችሁ ሁለት ቦታ ክፈሉ። ግማሹን እንዳለ ተዉት፤ ግማሹን እንደ ዱቄት ፍጩት። ሁለት ስኒ ውስጥ ሎሚ ጨምቁና ለየብቻ ጨምሩ። የተፈጨው ወዲያው ይንተከተካል፣ አረፋ ያወጣል። ያልተፈጨው ላይ ጥቂት ጥቂት አረፋ ብቻ ይለጠፍበታል፤ ብዙ ሰዓት ቆይታችሁ ብታዩትም አላለቀም።

የእንቁላል ቅርፊት በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ብዙዎቹ የሚታኘኩ የቃር ኪኒኖች የሚሠሩትም ከዚሁ ነው። አሲዱ ካልሲየም ካርቦኔቱን ሲያገኘው ጨው፣ ውሃና ጋዝ ይሆናል። አረፋው ጋዙ ነው። ከኪኒኑ በኋላ የምታገሱትም ለዚህ ነው። አሲዱ ኃይሉን አጣ ማለት ነው።

«ይታኘካል» እያልኩ የምጮኸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሙሉውን የተዋጠ ኪኒን እንደ ሙሉው ቅርፊት ነው። አሲዱ የሚያገኘው የውጩን ገጽ ብቻ ነው። ቀስ እያለ ሲሟሟ አንዳንዱ ሥራውን ሳይጨርስ ወደ አንጀት ያልፋል። ዱቄት እስኪሆን ስታኝኩት ግን እያንዳንዱ ቅንጣት ከአሲዱ ጋር ይገናኛል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ቀለል ይላችኋል። ካኘካችሁ በኋላ ትንሽ ውሃ ጠጡበት። ጥርስ ለሌለው ሰው ሽሮፑ አለ። ሽሮፑ ጠርሙሱ በደንብ ተነቅንቆ ነው የሚጠጣው፤ መድኃኒቱ ሥሩ ላይ ይዘቅጣልና። ሳይነቀንቁ ሲጠጡ ከርመው ሥሩ ላይ የቀረውን ወፍራም ነጭ «ተበላሽቷል» ብለው የመለሱልኝ አሉ።

ሁሉም ኪኒን ከአንድ ነገር አይሠራም። እኛ ጋ በብዛት ያለው አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድና ማግኒዚየም ትራይሲሊኬት የተቀላቀሉበት ነው። ሁለቱን ያጣመሩበት ምክንያት ደስ ይለኛል። አሉሚኒየም ብቻውን ሆድ ያደርቃል። ማግኒዚየም ብቻውን ያስቀምጣል። አንድ ላይ ሲሆኑ ይመዛዘናሉ ተብሎ ነው፤ ሁልጊዜ ባይሳካም። ኪኒኑን ስትወስዱ ሆዳችሁ ከደረቀ ወይም ከላላ፣ ጥፋተኛው ትላንት የበላችሁት ላይሆን ይችላል።

ካልሲየም ካርቦኔቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ ነው የሚደርሰን። ታምስ ይባላል፤ ቀለም በቀለም ሆኖ በትልቅ ጠርሙስ የሚመጣው። ታሪኩ የባልና ሚስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ሴንት ሉዊስ ከተማ የነበረ ጄምስ ሃው የሚባል ፋርማሲስት ለሚስቱ የሆድ ችግር ብሎ ከቤቱ ምድር ቤት ቀመመው። በ1930 ለገበያ ቀረበ። ጠርሙሱን የያዘ ሰው ሲያማክረኝ ቁጥሩን አንብቡ እላለሁ። አንዱ ፍሬ 500 ሚሊ ግራም የሆነ አለ፤ 750 አለ፤ 1,000ም አለ። በቀን የሚፈቀደው ብዛት በዚያው ይለያያል። እና እባካችሁ ከልጆች አርቁት። ከረሜላ የመሰለ ነገር ጠረጴዛ ላይ ተትቶ ልጅ ዝም ብሎ አያልፈውም። ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ የቃር ኪኒን ባለሙያ ሳያዝ አይሰጥም።

መቼ ነው የሚወሰደው?

እዚህ ላይ የብዙ ሰው ልማድ ይሳሳታል። «ጨጓራ ስላለብኝ በባዶ ሆዴ ወሰድኩት» ይሉኛል። ባዶ ጨጓራ ቶሎ ይራገፋል። ኪኒኑም አብሮ ይወርዳል። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ሠርቶ ያልቃል። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ የተወሰደ ግን ከምግቡ ጋር ጨጓራ ውስጥ ስለሚቆይ እስከ 3 ሰዓት ሊያገለግል ይችላል። አንድ ዓይነት ኪኒን፣ አንድ ዓይነት ዋጋ፣ የተለያየ ዕድሜ። ሌሊት የሚነሳበት ሰው ደግሞ ከመኝታ በፊት ይጨምራል።

በረመዳን ይሄ ጥያቄ ይበዛብኛል። ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለ ሆድ ላይ ሾርባው፣ ሳምቡሳው፣ ቡናው ባንዴ ይወርዳል። ከዚያ መንዙማው ሲደምቅ ደረቱ መቃጠል ይጀምራል። እንዲህ ላለው ሰው በተምርና በውሃ አፍጥሮ፣ ትንሽ በልቶ፣ ዋናውን ምግብ ቆየት አድርጎ ቢበላ ይሻላል። ኪኒኑን ከኢፍጣር አንድ ሰዓት በኋላ፣ ካስፈለገም ከሱሁር በኋላ ማኘክ ይቻላል። ሱሁር በልቶ ወዲያው መተኛት ግን ያንኑ ጀበና ማጋደል ነው። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ፣ ሲፈታ ቀይ ሽሮውን የሚያጣድፍ ወዳጄም አለ፤ ምክሩ ለሱም ያው ነው። ስለ ጾሙ ሥርዓት ሸሆቹንና ቄሶቹን ጠይቁ። እኔ የማውቀው ሰዓቱን ነው።

ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲጋጭ

ከሁሉም በላይ እንድታነቡልኝ የምፈልገው ይሄን ክፍል ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚጎዳው ሳያውቅ ነው።

በኪኒኑ ውስጥ ያሉት ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና አሉሚኒየም አንዳንድ መድኃኒቶችን ጨጓራ ውስጥ አንቀው ይይዛሉ። የተያዘው መድኃኒት ወደ ደም በደንብ አይገባም። ዶክሲሳይክሊን ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን የታዘዘለት ሰው «ሆዴን አቃጠለኝ» ብሎ አብሮ የቃር ኪኒን ቢያኝክ ፀረ-ተህዋስ መድኃኒቱን ጥሎታል ማለት ነው። በሽታው አይድንም። «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ብሎ ሌላ ሊገዛ ይመጣል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ከቃር ኪኒኑ 2 ሰዓት ቀድሞ፣ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰዳል። የኤችአይቪ መድኃኒት የሆነው ዶሉቴግራቪርም አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ካለበት ኪኒን ጋር እንዲሁ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ ነው። የእንቅርት መድኃኒቱ ሌቮታይሮክሲን 4 ሰዓት መራቅ አለበት። ነፍሰ ጡሮች ከጤና ጣቢያ የሚሰጣቸውን የአይረን ኪኒን ቢያንስ በ2 ሰዓት ያራርቁት። የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ሰውም ሳይጠይቅ አብሮ አይውሰድ።

ሌላም አለ። አንዳንድ ኪኒን ጨጓራን አልፎ አንጀት ውስጥ እንዲፈታ ልዩ ሽፋን አለው። ሽፋኑ አሲድ እስካለ ድረስ አይፈታም። አሲዱን በቃር ኪኒን ስታዳክሙት ግን እዚያው ጨጓራ ውስጥ ሊፈታ ይችላል። ዲክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ብዙው እንዲህ ያለ ሽፋን አለው። ይቺን ያዙልኝ።

ኩላሊቱ የደከመ ሰው የቃር ኪኒን በራሱ ገዝቶ አይውሰድ። አሉሚኒየሙንም ማግኒዚየሙንም ከሰውነት የሚያስወጣው ኩላሊት ነው፤ ካልቻለ ይጠራቀማሉ። ካልሲየሙም ያለ ልክ ሲወሰድ፣ በተለይ ብዙ ወተት ከተጨመረበት፣ በደም ውስጥ በዝቶ ራሱ ኩላሊትን ይጎዳል። ስለ ወተት ካነሳን፣ ወተት ለጊዜው ያበርዳል። ከቆይታ በኋላ ግን ያለው ፕሮቲንና ካልሲየም ጨጓራን ሌላ አሲድ እንዲያመነጭ ያነሳሳዋል። እናቶቻችን «ወተት ጠጣበት» የሚሉት ከደግነት ነው፤ እኔም ቤት ስሄድ እጠጣለሁ። መድኃኒት ብዬ ግን አልጠጣውም።

የጓዳው ቢካርቦኔትስ? ይሠራል፤ በጣም ፈጣን ነው። ግን ሶዲየም አለው፤ ግፊትና የልብ ድካም ላለበት ሰው አይሆንም። ጋዙም ብዙ ስለሆነ ጠግቦ ለተወጠረ ሆድ አይመከርም። አምቦ ውሃም ያስገሳል፣ ቀለል ያደርጋል። ጋዙ ጨጓራን ሲነፋው ግን ያንን ውታፍ ከሥር የሚገፋበት ጊዜ አለ።

ኪኒኑ የማያደርገው

ኪኒኑ ያለውን አሲድ ያከሽፋል። አዲስ አሲድ እንዳይመነጭ አያደርግም። ኦሜፕራዞል የሚባለው ካፕሱል ነው ያንን የሚያደርገው። ሰው ሁለቱን ያምታታቸዋል። ኦሜፕራዞል ከቁርስ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ የሚወሰድ ነው፤ ሙሉ ኃይሉን የሚያሳየውም ከቀናት በኋላ ነው። «አሁን አቃጥሎኛል» ላለ ሰው ካፕሱሉ አይደርስለትም፤ የሚታኘከው ነው የሚደርስለት። በየቀኑ ለሚቃጠል ሰው ደግሞ የሚታኘከው አይበቃውም።

ተህዋስም አይገድልም። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ እኛ ኤች ፓይሎሪ የምንለው፣ ያ ሁሉ አሲድ ባለበት ጨጓራ ውስጥ ይኖራል። ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች ይሄን አላመኑም። ቁስለት የጭንቀትና የምግብ ውጤት ነው ይሉ ነበር። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የሚባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1982 ባክቴሪያውን በላብራቶሪ አሳደጉት። የሚሰማቸው ሲጠፋ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን በጥብጦ ጠጣው። ጨጓራው ተቆጣ፤ ታመመ። እንዲህ አይነት ሰው እኛ ሰፈር ቢኖር «አበደ» ይባል ነበር። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ለኤች ፓይሎሪ ሁለት ፀረ-ተህዋስና አንድ አሲድ ቀናሽ መድኃኒት በአንድ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን ይታዘዛል። በአራተኛው ቀን ቀለል ሲለው ያቆመ ሰው ተህዋሱን አልገደለም፤ መድኃኒቱን አስለምዶታል። ምርመራውም የራሱ ነገር አለው። የሰገራ ምርመራ ከማድረጋችሁ በፊት ኦሜፕራዞል ለ2 ሳምንት፣ ፀረ-ተህዋስ መድኃኒት ለ4 ሳምንት መቆም አለበት፤ አለዚያ ተህዋሱ እያለ «የለም» ሊል ይችላል። በደም የሚሠራው ደግሞ ከዳናችሁም በኋላ ረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ይችላል። ድነው ሳለ በደም ምርመራ ውጤት ሁለት ጊዜ የታከሙ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ኪኒኑ ልብንም አያክምም። ይሄን በቁም ነገር ያዙት። ደረት ላይ ተጭኖ የሚይዝ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብ የሚያጠምቅ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሕመም ቃር አይባልም። ኪኒን እያኘኩ መጠበቅ የለም፤ ቶሎ ሆስፒታል ነው። ሰገራ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ከወጣ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካስመለሰ፣ ምግብ ሲዋጥ ከተሰነቀረ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ እንደዚያው ነው። የአይረን ኪኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው መጥቆሩ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ምን እንደምትወስዱ ለሐኪሙ ንገሩት። ምንም አደገኛ ምልክት ባይኖርም የቃር ኪኒን ከ2 ሳምንት በላይ በየቀኑ ካስፈለጋችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ለማንኛውም ከኪኒኑ በፊት የሚደረግ ነገር አለ። ራት ከመኝታ በፊት ሁለት ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ይበላ። የአልጋውን ራስጌ ከእግሩ ሥር ጡብ አድርጋችሁ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። ትራስ መደራረብ ይሄን አይተካም፤ ወገብን አጥፎ ሆድን ይጫናል። በግራ ጎን መተኛት ይረዳል፤ ያን ጊዜ ጨጓራው ከቧንቧው ዝቅ ይላል። የደሴ ብርድ ቡና አስወዳጅ ነው፤ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ተዉ አልልም፤ ብልም የሚሰማኝ የለም። ግን በባዶ ሆድ አይሁን። ጫት ደግሞ ምግብ ከጨጓራ የሚወርድበትን ጊዜ ያዘገያል። ከምሳ በኋላ ቅሞ፣ ራት ዘሎ፣ ሌሊት «ጨጓራዬ ተነሳ» የሚል ጎረምሳ በየሳምንቱ አያለሁ። መቀነትም እንዲሁ። ሆድን ጥብቅ አድርጎ ማሰር ከሥር ይገፋል።

ስለ መቀነት ሳወራ ነው የእማማን ቋጠሮ ያየሁት።

«ምንድን ናት እማማ?» አልኳቸው።

«የጉልበቴ ናት። ጎረቤቴ ናት የሰጠችኝ።»

ፈቱልኝ። ዲክሎፌናክ ነው። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፤ ወራት ሆኗቸዋል። ጨጓራቸው ሲቃጠል የቃር ኪኒን ይጨምሩበታል። ቃጠሎው ሲታገስላቸው ጉልበቱን ይቀጥላሉ።

ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ጨጓራን ከሚያቆስሉ ቀዳሚዎች ናቸው። ያ የነገርኳችሁ ዝልግልግ ሽፋን እንዲታደስ የሚያዘውን ኬሚካል ያስቆማሉ። ይህ የሚሆነው በደም በኩል ስለሆነ «መርፌው ጨጓራ አይነካም» የሚባለው ልክ አይደለም። እማማ ደግሞ ሁለቱን አብረው ይወስዱ ስለነበር የኪኒኑ ሽፋን ጨጓራቸው ውስጥ ሊፈታ ይችላል።

«ሰገራዎ ጠቁሮ ያውቃል?» አልኳቸው።

«ማን ያየዋል ልጄ፣ ጨለማ ነው!»

ልክ ናቸው። ጉድጓድ ሽንት ቤት ውስጥ የሰገራ ቀለም ማን ያያል? የዓይናቸውን ውስጥ አየሁት፤ ነጣ ብሏል። ጨጓራቸው ቆስሎ ደም እየፈሰሳቸው እንዳይሆን ሠጋሁ። የጉልበቱን ኪኒን እንዲያቆሙ ነገርኳቸው። ደማቸው እንዲታይ በወረቀት ጽፌ ጤና ጣቢያ ላክኋቸው፤ ለጉልበታቸው ለጨጓራ የማይከፋ ሌላ ነገር እንዲያዩላቸውም ጨመርኩበት። ከዚያ የቀረችውን የቃር ኪኒን ስትሪፕ አነሱ።

«ይቺስ?»

«እሷን ለጊዜው ይያዟት። ግን እንዳይውጧት፤ ዱቄት መሆን አለባት። ሽሮፑን ልስጥዎት?»

የሽሮፑን ዋጋ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ስትሪፑን መልሰው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩ፤ መቀነቱንም ላላ አድርገው አሰሩት።

«የቡናዋ ሙቀጫ ትሆናለች?»

«በደንብ ትታጠብ እንጂ ትሆናለች።»